የጠረጴዛ ሹል ጥግ ክብ ሚሆነው እንዴት ነው? ማሽን ላለውም ለሌለውም ጀማሪ

ደሴም በሉት ኮምቦልቻ መጅሊስ ያለው ሳሎን አቀማመጡ ያው ነው፣ ፍራሽና መከዳው ዙሪያውን ይደረደራል መሀል ላይ ደሞ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ትቀመጣለች። የጠረጴዛዋ ጥግ ታዲያ መራመድ የጀመረ ልጅ ሲወድቅ ግንባሩ ላይ ነው ሚመጣው፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ደሞ ቅልጥሙ ላይ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሻማ ፍለጋ ሲነሱ። ለዚህ ነው ቤቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ ጠረጴዛ፣ ረከቦት፣ የቲቪ ማስቀመጫ ምናምን መስራት የጀመረ ሰው ሁሉ ቀጥ ቀጥ ያለውን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆም ሚለው፣ ቀጥታ መስመር በመጋዝ ይሄዳል፣ ክቡስ በምን ይሄዳል?

ብዙ ሰው ማሽን ከሌለኝ አይሆንም ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥግ ክብ ለማድረግ ዋናው ነገር በትክክል የተሰመረ መስመርና አንዴ ተጠንቅቃችሁ የሰራችሁት ፎርማ (ቅርጹን ምትገለብጡበት ናሙና) ነው፣ ማሽን ያለው ሰው እንኳ ማሽኑን ሚያስኬደው ፎርማ ላይ አስደግፎ ነው፣ ፎርማው ጠማማ ከሆነ ማሽኑ ያንኑ ጠማማ በፍጥነት አራቱም ጥግ ላይ ይደግምላችኋል። በእጅ ሚሰራ ሰው ደግሞ ቀስ ስለሚል ስህተቱን ሳይረፍድ ያየዋል። ስለዚህ መጋዝና ሞረድ ብቻ ያላችሁ አብሽሩ።

መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር እንዳትቀላቅሉ። አንደኛው ጠረጴዛውን ከላይ ቆማችሁ ስታዩት አራቱ ሹል ጥጎች ቅስት እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ጠርዝ፣ ክንዳችሁን ስታሳርፉበት ሚቆረቁረውን መስመር ማለስለስ ነው። ሁለቱም ክብ ማድረግ ይባላሉ ግን ስራቸው ለየቅል ነው፣ ለልጅ ግንባር ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ምክንያቱም ጥጉ ክብ ሆኖ ጠርዙ እንደ ስለት ከቀረ መቧጨሩ አይቀርም። ቅደም ተከተሉ ሁሌም ጥጉ ቀድሞ ጠርዙ ይከተላል፣ ጠርዙን አስቀድማችሁ ካለሰለሳችሁ በኋላ ጥጉን ስትቆርጡ ያለሰለሳችሁት አብሮ ይሄዳል፣ አዲስ ስለታም ጠርዝ ይወጣል፣ ስራው ሁለቴ ይሆናል።

እሺ፣ ጥጉ ምን ያህል ክብ ይሁን? እዚህ ጋ ራዲየስ ሚባለውን ነገር መረዳት አለባችሁ፣ ከባድ አይደለም። ቅስቱ የአንድ ሙሉ ክብ ሩብ ነው፣ የዛ ክብ መሀል እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ራዲየሱ ነው። ራዲየሱ ትልቅ ሲሆን ጥጉ ሰፋ ብሎ ይዞራል፣ ትንሽ ሲሆን ጠበቅ ይላል። በኔ እይታ ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነ ራዲየስ ለጠረጴዛ ገጽ አያምርም፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ሳይሆን ተጋጭቶ የተላጠ ይመስላል። ለረከቦት 25 ወይ 30 ሚሊ ይበቃል፣ ለመጅሊስ ጠረጴዛ ከ50 እስከ 80 ሚሊ ደስ ይላል። ከዛ በላይ ስትሄዱ ግን ስለ ጠረጴዛው እግር አስቡ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ራዲየሱ 100 ሚሊ ከሆነ ሹሉ ጥግ ከነበረበት ቦታ ወደ መሀል በሰያፍ 41 ሚሊ ገደማ ይጠፋል፣ እግሩ ጥጉ ድረስ ተጠግቶ የተሰራ ከሆነ ገጹ ክብ ይሆንና አራት ማዕዘን የሆነው እግር ከስር ብቅ ብሎ ይቀራል፣ እንግዲህ ልጁ ከገጹ ድኖ እግሩ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ እግሩ ከሁለቱም ጠርዝ ቢያንስ የራዲየሱን 0.3 እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ለ100 ሚሊ 30 ሚሊ፣ ለ50 ሚሊ 15 ሚሊ። ጥጉ አካባቢ ሚስማር ወይ ብሎን ካለም ሳትጀምሩ አውጡት፣ መጋዝና ሞረድ ብረት ካገኘ አለቀለት።

መስመሩን ማስመር። ኮምፓስ ካላችሁ እንዲህ ነው፣ ራዲየሱን 50 ሚሊ ካልን ከጥጉ ተነስታችሁ በሁለቱም ጠርዝ ላይ 50 50 ለክታችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከየምልክቱ በስኳድራ (90 ዲግሪ መለኪያ) ወደ ውስጥ መስመር ትስባላችሁ፣ ሁለቱ መስመሮች ሚገናኙበት ነጥብ የክቡ መሀል ነው። ኮምፓሱን እዛ ተክላችሁ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላኛው ማዞር ነው። በትክክል ከሰራችሁት ቅስቱ ሁለቱም ምልክት ላይ ያርፋል፣ አንዱ ጋ ካለፈ ወይ ካልደረሰ ወይ ጥጉ 90 ዲግሪ አይደለም ወይ መሀሉ ተሳስቷል፣ ቆማችሁ አስተካክሉ። ጥጉ ከመጀመሪያውም 90 ዲግሪ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ግድግዳው ጠማማ ስለሆነ መደርደሪያውን አጋድላችሁ ከቆረጣችሁት፣ ዘዴው ትንሽ ይቀየራል፣ ከጥጉ ከመለካት ይልቅ ከሁለቱም ጠርዝ በ50 ሚሊ ርቀት ትይዩ መስመር አስምሩ፣ ሚቋረጡበት ቦታ መሀሉ ነው።

ኮምፓስ ከሌላችሁ ክዳን ፈልጉ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን፣ የቀለም ባልዲ ክዳን፣ የስኒ ማስቀመጫ፣ ምንም ክብ ነገር ይሆናል። ክዳኑን ሁለቱንም ጠርዝ እንዲነካ አስጠግታችሁ በሹል እርሳስ ማስመር ብቻ ነው፣ ራዲየሱ የክዳኑ ወርድ ግማሽ ነው፣ 10 ሳንቲም ወርድ ያለው ክዳን 50 ሚሊ ራዲየስ ይሰጣችኋል። ግን አንድ ነገር፣ ክዳኑ ተጨራምቶ እንዳይሆን፣ አራቱንም ጥግ ደግሞ በዛው ክዳን አስምሩ፣ ለሁለቱ ክዳን ለሁለቱ ስኒ ማስቀመጫ እንዳይሆን ነገሩ። መስመሩን ከላይም ከስርም ብታደርጉት ይመረጣል፣ ከስር ያለው በኋላ ጠርዙ ቀጥ ብሎ መውረዱን ያሳያችኋል።

አሁን መቁረጥ። በእጅ መጋዝ ክብ መቁረጥ አይቻልም፣ አትሞክሩት፣ ሰፊው የመጋዝ ምላጭ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነው የተሰራው። ሚሰራው ዘዴ ይሄ ነው፣ ራዲየሱን በ0.58 አባዙትና 1 ሚሊ ቀንሱ፣ 50 ሚሊ ከሆነ 28 ይመጣል፣ ከሹሉ ጥግ በሁለቱም ጠርዝ 28 28 ሚሊ ምልክት አድርጋችሁ ሁለቱን በቀጥታ መስመር አገናኙ። ይሄ ሰያፍ መስመር ቅስቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያልፋል። በዛ ላይ አንዴ በመጋዝ ቁረጡ። ይቺ አንዲት ቀጥ ያለች ቁርጥ መወገድ ካለበት እንጨት ወደ 73 በመቶ ሚጠጋውን ታነሳላችኋለች፣ ሂሳቡን ሰርቶ ማረጋገጥ ሚወድ ሰው ይሞክረው። ከዛ በቁርጡ ሁለት ጫፍ ላይ የተፈጠሩትን ሁለት ትንንሽ ጥጎች ቅስቱን ሳትነኩ በትንሹ ትቆርጣላችሁ፣ ለዚህ እንኳ መጋዝ ካስቸገረ ሞረድ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ሚቀረው ለሞረድ ሚሆን ስስ ነገር ነው።

ጂግሶ (ጠባብ ምላጩ ላይ ታች እያለ ሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ያለው ሰው ቅስቱን ተከትሎ መሄድ ይችላል፣ ግን መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ 2 ሚሊ ውጪ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የጂግሶ ምላጭ ከላይ ብቻ ነው ተይዞ ያለው፣ ከስር ነጻ ነው፣ ስታዞሩት በተለይ ወፍራም እንጨት ላይ ይታጠፍና ከላይ መስመሩን የተከተለ መስሎ ከስር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ አይታችሁ ጎበዝ ትላላችሁ፣ ስትገለብጡት አንድ ሁለት ሚሊ በልቶታል። ያቺ 2 ሚሊ ለዚህ መጠባበቂያ ናት። ቀስ በሉ፣ በኃይል አትግፉት፣ ምላጩ ራሱ ይብላ፣ ጥምዝ ለመቁረጥ ደግሞ ጠበብ ያለውን ምላጭ ግጠሙ። ሌላው፣ የጂግሶ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሚቆርጠው ወደ ላይ ሲመጣ ነው፣ ስለዚህ ሚቦጨቀው የላይኛው ፊት ነው፣ ሚያምረውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ ቁረጡ። የተለመደው የእጅ መጋዝ ደግሞ ሲገፋ ነው ሚቆርጠው፣ እዛ ላይ ሚያምረው ፊት ወደ ላይ ይሁን። በማንኛውም መንገድ ጣውላው ጠረጴዛ ላይ በክላምፕ (ማጥበቂያ መያዣ) መታሰር አለበት፣ በጉልበት ይዞ መቁረጥ ለእንጨቱም ለጉልበቱም አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ እንጨቱ አይነት ካላወራን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ላይ ሚሰራው ዘዴ ሌላው ላይ ያበላሻል።

ኤምዲኤፍ ለጀማሪ ቀላሉ ነው። በጣም ደቆ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ጅማት የለውም፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሞርዱት አንድ ነው፣ አይሰነጠርም። ችግሩ የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ይጠጣል፣ አቧራውም መጥፎ ነው፣ ሁለቱን ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

ኮምፔርሳቶ በስሱ የተላጡ እንጨቶች ተነባብረው በኮላ የተጣበቁ ናቸው፣ የአንዱ ጅማት ወደዚህ ከሆነ የቀጣዩ ወደዛ ነው። ስለዚህ ጥጉን ስታዞሩ ሁሌም የሆነ ንብርብር በመጥፎ አቅጣጫ ይገኛል፣ በተለይ የላይኛው ስስ ልጥ ይነሳል። መፍትሄው ሳትቆርጡ በፊት መስመሩን በካተር ጠለቅ አድርጋችሁ ማስመር ነው፣ ከካተሩ መስመር ውጪ ያለው ቢቦጨቅ ሚወገደው ላይ ይቀራል። ሲያልቅ ንብርብሩ ጥጉ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዱ ሰው ይደብቀዋል፣ እኔ ግን ቫርኒሽ ተቀብቶ ሲታይ ደስ ይለኛል።

ቺፕውድ፣ በተለይ ፊቱ የተሸፈነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ ለክብ ጥግ አይመችም። ውስጡ የተጣበቀ ስብርባሪ ስለሆነ ይፈረፈራል፣ ሽፋኑ ደግሞ እንደ ሴራሚክ ይላጣል። ግድ ከሆነ ሞረዱን ሁሌም ከሽፋኑ ወደ ውስጠኛው እንጨት ግፉት፣ ከውስጥ ወደ ሽፋኑ ከገፋችሁት ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ከሁለቱም ፊት ወደ መሀል እየመጣችሁ ስሩ። ከዛ ዙሪያውን ኤጅ ባንድ (የጠርዝ መሸፈኛ ጥብጣብ) መለጠፍ አለበት፣ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ በካውያ ወይ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ያስፈልጋል፣ ራዲየሱንም ከ50 ሚሊ አታሳንሱት። ለዚህ ሁሉ ድካም ኤምዲኤፍ መግዛት አይሻልም ወይ የኔ ጥያቄ ነው።

ድፍን ጣውላ፣ ዋንዛ በሉት ጽድ በሉት ባህር ዛፍ፣ ይሄ ሌላ ባህሪ አለው። ጅማቱ በርዝመቱ ስለሚሄድ ጥጉ ላይ ስትዞሩ ከጎኑ ተነስታችሁ ወደ አናቱ ትደርሳላችሁ፣ አናቱ ያልኩት ጅማቱ ተቆርጦ ሚታይበትን ጫፍ ነው። ሞረድም ይሁን መሮ አቅጣጫው ከጎን ወደ አናት ነው መሆን ያለበት። እርሳስ በምላጭ ስትቀርጹ ከወፍራሙ ወደ ጫፉ እንጂ ከጫፉ ወደ ወፍራሙ አትቀርጹም አይደል፣ ያው ነው፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ስለቱ ጅማቱ ስር ይገባና ስንጥር ይዞ ወደ ገጹ ይሄዳል። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ይታዘዛል፣ ወይራ ያገኘ ሰው ግን እጁን ያዘጋጅ።

ድፍን ጣውላ ላይ ሌላ ሰው ማያስተውለው ነገር አለ፣ አናቱ ከጎኑ ይልቅ በጣም ይጠነክራል፣ ብርጭቆ ወረቀት ቶሎ አይበላውም። ስለዚህ ቅስቱን እኩል ጊዜ ብትፈትጉት እንኳ ጎኑ ጋ ብዙ ይበላል፣ አናቱ ጋ ትንሽ፣ በመጨረሻ ሩብ ክብ የነበረው ነገር እንቁላል ቅርጽ ይዞ ቁጭ ይላል። እያንዳንዱን ጥግ ለብቻ ስታዩት አይታወቅም፣ አራቱን አንድ ላይ ስታዩ ግን የሆነ ነገር ቅር ይላችኋል፣ ምን እንደሆነ አታውቁትም። ለዚህ ነው በአይን ከማመን ይልቅ በፎርማ መለካት ሚያስፈልገው።

ወደ ሞረዱ ልመለስ። ሞረድ ሲገፋ ነው ሚበላው፣ ሲመለስ ከእንጨቱ ላይ አንሱት። መጀመሪያ በሻካራው እስከ መስመሩ 1 ሚሊ ሲቀር፣ ከዛ በለስላሳው የእርሳሱ መስመር ውፍረት ግማሽ እስኪቀር ድረስ። በየመሀሉ ስኳድራ ከላይኛው ፊት ላይ አስደግፋችሁ ጠርዙ ቀጥ ብሎ መውረዱን እዩ፣ ሰው ሲደክመው እጁ ይጋደላል፣ ጠርዙ ሆድ ያወጣል ወይ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሞረድ ካለቀ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ 80 ቁጥር፣ ከዛ 120፣ ከዛ 180፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ሲጨምር ይለሰልሳል። ከ80 ወደ 180 መዝለል ጊዜ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል ግን የ80ው ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ተጠቀሙ፣ በባዶ ጣት ከፈተጋችሁት ጣት በገባበት ቦታ ጉድጓድ ይፈጠራል። መጨረሻ ላይ ብቻ ወረቀቱን በረጅሙ ቀዳችሁ ሁለት ጫፉን ይዛችሁ ቅስቱ ላይ ግራና ቀኝ መሳብ ትችላላችሁ።

ጉድለቱ ሁሌም ሚታየው አንድ ቦታ ነው፣ ቀጥታው ጠርዝ አልቆ ቅስቱ ሚጀምርበት ቦታ። እዛ ጋ ትንሽ ጉብታ ወይ ስብራት ይቀራል፣ አይን አያየውም፣ እጅ ግን ያውቀዋል። አይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን ከቀጥታው ተነስታችሁ ቅስቱን አልፋችሁ እስከ ሌላኛው ቀጥታ አንሸራቱት፣ ጉብታ ካለ ይነግራችኋል፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እሱን ብቻ አንሱ። ግራይንደር በብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ ልምድ ላለው ፈጣን ነው፣ ለጀማሪ ግን አልመክርም፣ በሰከንድ ውስጥ ጉድጓድ ያወጣል፣ የተወሰደ እንጨት ደግሞ አይመለስም።

አሁን ፎርማው። ከ9 እስከ 12 ሚሊ ውፍረት ያለው የኤምዲኤፍ ወይ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ፈልጉ፣ ከየሱቁ ትራፊ አይጠፋም፣ 30 በ30 ሳንቲም አድርጋችሁ በስኳድራ አስተካክሉት። አራቱን ጥግ በአራት የተለያየ ራዲየስ ስሩት፣ 20፣ 30፣ 50፣ 80 በሉት፣ እያንዳንዱ ጋ ቁጥሩን ጻፉ። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ፣ ግማሽ ቀን ቢወስድም ይውሰድ፣ እሱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ጉብታ ከዚህ በኋላ ሚሰራው እቃ ሁሉ ላይ ትወጣለች። በእጅ ሚሰራ ሰው ፎርማውን አስጠግቶ ያሰምርበታል፣ ሲሞርድ እየደጋገመ ይለካበታል፣ ኮምፓስም ክዳንም ፍለጋ ቀረ። ጣውላዎቹ ሁለት እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ የመደርደሪያ ሁለት ፎቅ፣ አንድ ላይ በክላምፕ አስራችሁ በአንዴ ሞርዷቸው፣ ፍጹም ባይሆኑ እንኳ እኩል ይሆናሉ፣ አይን ደግሞ ሚፈልገው እኩልነቱን ነው።

ራውተር (በፍጥነት በሚሽከረከር ስለት የእንጨት ጠርዝ ሚቀርጽ ማሽን) ያለው ወይ ከጓደኛ ሚዋስ ሰው ፎርማውን ከጣውላው ላይ አስሮ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ያለውን ቀጥ ያለ ቢት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሚገጠመውን ስለት፣ ይጠቀማል፣ ኩሽኔታው ፎርማውን ተደግፎ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ደግሞ ከሱ እኩል ጣውላውን ይቆርጣል። ሁለት ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። አንደኛ፣ ጥጉ መጀመሪያ በመጋዝ ወይ በጂግሶ ተቆርጦ ከመስመሩ ውጪ ከ2 ሚሊ በላይ መቅረት የለበትም፣ ሹሉን ጥግ እንዳለ በራውተር ልብላው ያለ ሰው ቢቱ ይነክስና ጣውላውን ሰንጥቆ ይወረውረዋል። ሁለተኛ አቅጣጫ፣ በእጅ ይዛችሁ ምትሰሩ ከሆነ ውጪኛውን ዙሪያ ስትሄዱ ከላይ ሲታይ የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ሂዱ፣ ለመስኮት አይነት የውስጥ ቀዳዳ ደግሞ ከሰዓት ጋር። ይሄ ምርጫ አይደለም፣ ቢቱ ሚሽከረከረው ከሰዓት ጋር ስለሆነ በተቃራኒው ስትገፉት ስለቱ ይቃወማችኋል፣ ትቆጣጠሩታላችሁ፣ አብሮት ከሄዳችሁ ግን ራውተሩ ራሱ ወደፊት ይሮጣል፣ እጅ ያመልጣል። ቢት ስትቀይሩ ሶኬቱ ይነቀል፣ ማጥፊያውን አጥፍቻለሁ አይበቃም፣ በተለይ መብራት ሄድ መጣ ሚልበት ቀን ማጥፊያው ክፍት ሆኖ ቀርቶ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል።

ጥጉ ካለቀ ጠርዙ። በራውተር ከሆነ ክብ ጠርዝ ሚያወጣ ኩሽኔታ ያለው ቢት አለ፣ ለ18 ሚሊ ጣውላ 3 ወይ 6 ሚሊ ራዲየስ በቂ ነው። 9 ሚሊውን ከላይም ከስርም ልጠቀም ያለ ሰው ችግር ይገጥመዋል፣ የመጀመሪያውን ፊት ሲጨርስ የጠርዙ ግማሽ ሄዷል፣ ሁለተኛውን ሲጀምር እየሄደ ሲሄድ ኩሽኔታው ሚደገፍበት ጠፍጣፋ ነገር አይቀርም፣ ቢቱ ወደ ውስጥ ይገባል። በእጅ ከሆነ መላጊያ ወይ ሞረድ በ45 ዲግሪ አጋድላችሁ ጠርዙን አንዴ ስበሩት፣ ከዛ የተፈጠሩትን ሁለት ጠርዞች ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ማዞር ነው፣ ድፍን ጣውላ ላይ አናቶቹን ቀድማችሁ ስሩ፣ ጎኖቹን በኋላ፣ አናቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢሰነጠር ጎኑን ስትሰሩ ይነሳል። ጠርዙን ማዞር ለእጅ ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቀለምና ቫርኒሽ ስለታም ጠርዝ ላይ አይቆይም፣ ሲደርቅ ከሹሉ ላይ ይሸሽና ስስ ይሆናል፣ እቃ ሁሌ መላጥ ሚጀምረው ከጠርዙ ሚሆነው ለዛ ነው። ሁለት ሚሊ እንኳ ብታዞሩት ለውጡ ይታያል።

የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም ይጠጣል ብዬ ነበር። ፊቱ የተጨመቀ ስለሆነ ቀለም ይይዛል፣ ውስጡ ግን ክፍት ነው፣ የቀባችሁትን ሁሉ ውጦ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ክብ ጥግ ላይ ደግሞ ብርሃን ስለሚያርፍበት ይባስ ይታያል። ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ጠርዙን ብቻ ቀቡት፣ ሲደርቅ ቃጫው ይቆማል፣ በ180 ቁጥር አንሱት፣ ድገሙት፣ ከዛ ቀለም። ስቱኮ ስስ አድርጎ መለቅለቅም ይሰራል። ደሴ ያላችሁ ግን አየሩን አስቡበት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ በሐረጎ ወርዳችሁ 1,850 አካባቢ፣ ርቀቱ ትንሽ ነው ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው። ኮምቦልቻ ላይ በጊዜው ሚደርቅ ኮላ ደሴ ክረምት ላይ ጧት ከተቀባ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ሊውል ይችላል፣ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ነጩ ኮላ ጭራሽ በደንብ አይያዝም። ቶሎ ሚደርቀው ሚረጭ ቫርኒሽም የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በዋለበት ቀን ከተረጨ እርጥበቱን ይዞ ነጣ ነጣ ይላል። ጸሀይ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ላድርቀው እንዳትሉ፣ ቫርኒሽና እሳት አይገናኙም፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስም ሰው ይገድላል።

አቧራው። ሰጋቱራው ምንም አይደለም፣ መሬት ይወድቃል ይጠረጋል፣ አደገኛው በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ሚነሳው ደቃቅ ብናኝ ነው፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሳንባ ድረስ ይገባል። የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ኤምዲኤፍ ላይ ደግሞ ማጣበቂያው ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ሚባል ኬሚካል ያለበት ነው፣ እሱም እዛው ዝርዝር ውስጥ አለ። ስለዚህ ውጪ በረንዳ ላይ ስሩ፣ ነፋሱን ጀርባችሁ ላይ አድርጉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ነጠላ ማስኩ ከምንም ይሻላል ግን ፊት ላይ ገጥሞ ሚይዘው ነው ሚያዋጣው፣ ልጆችን አርቁ፣ ሲያልቅም በደረቅ መጥረጊያ ከማቦነን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። መነጽር ደግሞ ለመጋዙም ለራውተሩም።

መስታወት ከላይ ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጅሊስ ጠረጴዛ ላይ ይሄ ይወደዳል፣ መስታወት ቤት ስትሄዱ የእንጨቱን ራዲየስ እንዳለ እንዳትነግሯቸው። መስታወቱ ከእንጨቱ ዳር ዙሪያውን 10 ሚሊ ገባ ብሎ ሚቀመጥ ከሆነ የሱ ጥግ ራዲየስ ከእንጨቱ በ10 ሚሊ ማነስ አለበት፣ እንጨቱ 50 ከሆነ መስታወቱ 40። ሁለቱም 50 ከሆኑ ቀጥታው ጋ 10 ሚሊ የነበረው ክፍተት ጥጉ ላይ ወደ 14 ሚሊ ይሰፋና መስታወቱ የሌላ ጠረጴዛ ይመስላል። በቃል ከመናገር ደግሞ በወፍራም ካርቶን ልኩን ቆርጣችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱ።